ፌስታል ከታገደ የሾላ ቅቤ በምን ይጠቅለል?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሾላ ገበያ፣ ቅቤ ተራ። ደንበኛዋ ከለጋው ቅቤ በጣቷ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ ታሸታለች።

«እናቴ፣ ይሄ የመቼ ነው?»

«ትናንት ማታ የገባ ነው የኔ ልጅ። ቅመሽው እንጂ!»

ዋጋ ይቆረጣል፣ ግማሽ ኪሎ ይመዘናል። ሻጯ ቅቤውን በስስ ነጭ ፌስታል ታስገባለች። እንዳያፈስ በሌላ ፌስታል ትደርባለች። ሁለቱን ማንጠልጠያ ባለው ጥቁር ፌስታል ከትታ ትሰጣለች። ለግማሽ ኪሎ ቅቤ ሦስት ፌስታል ማለት ነው። ቅቤው ቤት ደርሶ ሲነጠር ሦስቱም ፌስታሎች ቆሻሻ ናቸው። ከቆሻሻ ገንዳ ቦይ፣ ከቦይ ወንዝ ይገባሉ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ መንገዱን ውኃ በውኃ ያደርጉታል።

ይህ ትዕይንት አሁን ሕገወጥ ሆኗል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢት ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ይከለክላል። ቅጣቱ ፋብሪካው ላይ ብቻ አያበቃም፣ ፌስታል ይዞ የተገኘውንም ሰው ይመለከታል።

ሕጉ መውጣቱ ተገቢ ነው። እንዲያውም ዘግይቷል። ሩዋንዳ ፌስታልን ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ ደግሞ በ2017 ነው። ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. ያወጣችው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ስስ ከረጢቶች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት በየጉሊቱ እንደልቡ ሲናኝ ኖሯል። ለምን ቢባል፣ አንድ ሕግ አንድን ነገር ሲከለክል ያ ነገር ሲሠራው የነበረውን ሥራ ማን እንደሚረከብ ካልተናገረ፣ ሕጉ ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ካልሆነም ቅጣቱ ደካማው ላይ ያርፋል። ሾላ ላይ ደካማዋ ያቺ ቅቤ ሻጭ ናት።

ስለዚህ ጥያቄው «ፌስታል መጥፎ ነው ወይስ ጥሩ?» የሚለው አይደለም። እሱ ተመልሷል። ያልተመለሰው «ፌስታል ምን ይሠራ ነበር? ያንን ሥራ ምን ይሥራው?» የሚለው ነው። በዓለም ቤተ ሙከራዎች ለዚህ ከሚቀርቡት መልሶች አንዱ የሚበላ መጠቅለያ ነው። ከስታርች፣ ከሙጫ፣ ከወተት ፕሮቲን ወይም ከሰም የሚሠራ፣ ከምግቡ ጋር አብሮ የሚበላ ስስ ሽፋን ማለት ነው። ለጆሮ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቁም ነገር ነው። የሚሠራበትና የማይሠራበት ቦታ ስላለው ግን ሁለቱን ሳይለዩ ማድነቅም ሆነ ማጣጣል አይጠቅምም።

በመጀመሪያ ስለ ፌስታል ሥራ።

ሾላን ከዳር እስከ ዳር የዞረ ሰው ፌስታል አንድ ሥራ ብቻ እንደማይሠራ ያያል። በርበሬ ተራ ላይ እርጥበት ይከላከላል። በርበሬ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ያገኘ በርበሬ ሻጋታ ያወጣል፣ ከሻጋታው መካከል ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመርቱ ዓይነቶች አሉ። ቅቤ ተራ ላይ ሥራው ሌላ ነው። ቅባቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ የውጭው አየር ደግሞ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይፈለጋል፣ ቅቤን የሚያበላሸው ኦክስጅንና ብርሃን ነውና። አትክልት ተራ ላይ ፌስታል መያዣ ብቻ ነው። እንዲያውም ቲማቲም በፌስታል ታፍኖ ሲያድር በራሱ ላብ ይበሰብሳል። ማር ተራ ላይ ፈሳሽ መያዝ አለበት። በሁሉም ተራ ደግሞ ከአቧራና ከእጅ ይከልላል፣ ይንጠለጠላል፣ ርካሽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን እርጥበትን በመከላከል እጅግ ጎበዝ ነው፣ ኦክስጅንን በመከላከል ግን ደካማ ነው። ማለትም ለበርበሬ ሁነኛ ጠባቂ ሲሆን ለቅቤ ግን የሚመስለውን ያህል ጠባቂ አይደለም። ቅቤውን ከመፍሰስ ያድነዋል እንጂ ከመበላሸት ብዙም አያድነውም።

የሚበላው ሽፋን ጠባይ የዚህ ግልባጭ ነው። ጠባዩን ለማወቅ ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። የቡላ አጥሚት ወይም ገንፎ ሠርቶ ለጥቂት ጊዜ የተወው ሰው ከላዩ ላይ ስስ ቆዳ ሲሠራ አይቷል። ያ ቆዳ ነው ነገሩ። ስታርች በውኃ ውስጥ ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሞቅ እህሉ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ረጃጅም ሰንሰለት የመሰሉ ሞለኪውሎቹ ይለቀቃሉ። ሲደርቅ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ገላጭ ስስ ወረቀት ይሆናሉ። ባዮፖሊመር የሚባለው ይኸው ከሕያው ነገር የተገኘ ረጅም ሰንሰለት ነው።

ብቻውን የደረቀው ግን እንደ ብስኩት ይሰበራል። እንዲታጠፍ ለምግብ የሚሆን ግሊሰሪን ይገባበታል። ግሊሰሪኑ በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ ያላላቸዋል። ችግሩ ሲበዛ ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ ግን ይደክማል፣ እርጥበትም በቀላሉ ያሳልፋል። ሲያንስ ጠንካራ ይሆናል፣ ግን ይሰነጠቃል። የዚህ ሙያ ግማሹ ድካም ይህንን ሚዛን መፈለግ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቻይናውያን ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ብርቱካንና ሎሚ በሰም ይቀቡ ነበር። ጃፓኖች የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ከላዩ የሚሠራውን ቆዳ አንስተው አድርቀው ምግብ ይጠቀልሉበታል። ቋሊማ ከሚሞላባቸው ሽፋኖች ዛሬ ብዙዎቹ ከከብት ቆዳ ኮላጅን የሚሠሩ የሚበሉ ሽፋኖች ናቸው። ከፋርማሲ የሚገዛው የመድኃኒት ካፕሱልም ልብሱ የሚበላ ነው፣ በአብዛኛው ከጄላቲን። ሁሉም ሰው የሚበላ መጠቅለያ ውጧል፣ ስሙን አላወቀም እንጂ።

እነዚህ ሽፋኖች በሦስት ቤተሰብ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የስታርችና የሙጫ ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው የፕሮቲን ነው፣ የወተት፣ የስንዴ፣ የበቆሎ፣ የአኩሪ አተር። ሦስተኛው የቅባትና የሰም ነው። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ አየሩ ደረቅ ከሆነ ኦክስጅንን በደንብ ያግዳሉ፣ ቅባትንም አያሳልፉም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ኬዚን ከተባለው የወተት ፕሮቲን የሠሩትን ሽፋን ሲያስተዋውቁ፣ ኦክስጅንን በመከላከል ከፕላስቲክ እስከ 500 እጥፍ እንደሚበልጥ ተናግረው ነበር። በእርጥበት በኩል ግን ይሸነፋሉ። የስታርች ሽፋን የውኃ ትነትን ከፖሊኢትሊን በመቶዎች እጥፍ ያሳልፋል። ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ይሟሟል። ሦስተኛው ቤተሰብ፣ ሰም፣ የእርጥበት ነገር ሲሆን ከፕላስቲክ አይተናነስም። ብቻውን ግን ይሰባበራል፣ ሙቀትም አይችልም። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ የሚያዳቅሏቸው፤ ስታርቹ አካል ይሆናል፣ ሰሙ ካባ።

አሁን ይህን እውቀት ይዞ ወደ ሾላ መመለስ ነው።

በርበሬ ተራ ላይ የሚበላ ሽፋን ዋጋ የለውም። የበርበሬ ጠላት እርጥበት ነው፣ የስታርች ሽፋን ደግሞ እርጥበት ማሳለፍ ልማዱ ነው። እዚህ መፍትሔው ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ መምጣት፣ ወይም በወፍራም ወረቀት ጠቅልሎ ቤት እንደደረሱ ወደ ጠርሙስ መገልበጥ ነው። «ፕላስቲክን የሚተካ ተአምር» ብሎ ለበርበሬ የስታርች ከረጢት የሚሸጥ ሰው ካለ ሻጋታ እየሸጠ ነው።

እንደ መንጠልጠያ ከረጢትም አይሆንም። ሐምሌ ላይ ከሾላ ወደ መገናኛ ታክሲ ተራ የሚወርድ ሰው በዝናብ የሚሟሟ ከረጢት አይዝም። ለዚያ ሥራ ድሮም ዘንቢል ነበረ፣ ዛሬም ዘንቢል አለ። ከዚያ ደግሞ ሒሳቡ አለ። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር የሆነ ከረጢት ከስታርች ቢሠራ በቀላል ስሌት ወደ 8 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቡላ ስንት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የቡላ ፌስታል ይሠራ ቢባል ይስቃል፣ መሳቁም ልክ ነው።

የሚበላው ሽፋን በእውነት የሚያዋጣው አትክልት ተራ ላይ ነው፤ በከረጢት መልክ ሳይሆን በቅብ መልክ። ቲማቲም ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል። ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ያስወጣል፣ በዚያው መጠን ያረጃል። ከመቂና ከዝዋይ በሣጥን ተጭኖ፣ በመንገድ ተንገላትቶ ሾላ ሲደርስ ዕድሜው ተጋምሷል። በስስ ቅብ ሲሸፈን ትንፋሹ ይቀንሳል፣ እርጅናውም ይዘገያል። በኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የማሌዥያ ካምፓስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ቲማቲምን 10 በመቶ የግራር ሙጫ ባለው ውኃ ነክሮ በማድረቅ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት ለ20 ቀናት ባደረጉት ክትትል፣ ካልተቀባው ይልቅ ክብደቱን፣ ጥንካሬውንና ቀለሙን ጠብቆ እንደቆየ አሳይቷል። 20 ዲግሪ ማለት ማቀዝቀዣ አይደለም፣ የአዲስ አበባ የቀን አየር ያህል ነው። ማቀዝቀዣ የሌላት የጉሊት ሻጭ ማቀዝቀዣ ሳትገዛ ዕቃዋን ልታቆይ ትችላለች ማለት ነው።

ለአንድ ቲማቲም የሚሄደው ሙጫ ከግራም በታች ነው። አንድ ኪሎ ሙጫ ሺዎችን ይቀባል። ስለ ፌስታል ሲወራ ስለ ከረጢቱ ብቻ ስለሚታሰብ ይህ ሒሳብ ይረሳል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከአዝመራ በኋላ ቸርቻሪው ዘንድ ሳይደርስ እንደሚባክን ገምቷል። ከሾላ ጀርባ ማታ ማታ የሚደፋውን ቲማቲም ያየ ሰው ለዚህ ቁጥር ማስረጃ አይፈልግም። የበሰበሰው ቲማቲም ኪሣራ የሚወጣው ከሻጯ ኪስ ነው። ያልበሰበሰው ላይ ዋጋ ጨምራ ታካክሰዋለች፤ ያንን ደግሞ ገዢው ይከፍለዋል።

ቅቤስ? ቅቤ መሃል ላይ ነው። ቅባትና ኦክስጅን በመከላከል የስታርችም የፕሮቲንም ሽፋን ከፌስታል ይሻላል። ግን የገበያ ቅቤ ውስጡ ውኃና አሬራ አለበት፣ ያ ውኃ ሽፋኑን ያላላዋል። ሰም የተቀባ የስታርች ሽፋን ሊችለው ይችላል፣ ግን ተሞክሮ መታየት አለበት። እስከዚያው ድረስ አገሪቱ ያላት መልስ ከቤተ ሙከራ የሚቀድም ነው። ቅቤ ወደ ገበያ በኮባ ተጠቅልሎ ሲመጣ ነው የኖረው። ኮባ ሰፊ ነው፣ ውኃ አያስገባም፣ ገጹ በተፈጥሮ ሰም የተለበጠ ነው፣ ብርሃን ይከልላል፣ ሲጣል ላምና ፍየል ይበሉታል። የዳቦ መጋገሪያ፣ የቆጮ መጠቅለያ ሆኖ የኖረ ቅጠል ነው። ሳይንቲስቶቹ አካሉን ከስታርች፣ ካባውን ከሰም አድርገው ሊሠሩት የሚደክሙለትን ነገር ኮባ በራሱ መንገድ ጓሮ ውስጥ ሠርቶታል። ፌስታል ኮባን ከገበያ ያስወጣው ስለሚበልጠው ሳይሆን ስለሚረክስና ስለሚንጠለጠል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ሌላ ነው። የሚበላ ሽፋን የሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች አብዛኞቹ እዚሁ ናቸው። እንሰት ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ የሚመገበው ተክል ነው፣ ቡላው ደግሞ ንጹሕ ስታርች ለመሆን የቀረበ ነው። ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረማርያም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመናዊው ሽሚት ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 የእንሰትን ስታርች ጠባይ አጥንተው አሳትመዋል። ዓላማው ለመድኃኒት ክኒን መሥሪያ ነበር። በጥናቱ መሠረት ከስታርቹ 29 በመቶ ገደማው አሚሎስ የተባለው ቀጥ ያለ ሰንሰለት ነው። ሽፋን ለሚሠራ ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ጠንካራ ሽፋን የሚሰጠው አሚሎስ ነውና። የግራር ሙጫ ከቦረናና ከሶማሌ ቆላ ይሰበሰባል። ሰም ደግሞ በአፍሪካ ቀዳሚ ከሆኑት የማር አምራቾች አንዷ በሆነችው አገር፣ ከየጠጅ ቤቱ በሚወጣው ሰፈፍ ይገኛል።

ሙጫውና ሰሙ ግን በጥሬው ወደ ውጭ ይላካሉ። ከዚያ የለስላሳ መጠጥ ማረጋጊያ፣ የከረሜላ ማብረቂያ፣ የብርቱካን መቀቢያ ሆነው በውጭ ምንዛሪ ይመለሳሉ። ፌስታል ሲታገድ የሚፈጠረው ገበያም በዚሁ መንገድ ከሄደ፣ አገሪቱ ነገ የራሷን ሙጫ «አረንጓዴ መጠቅለያ» ተብሎ በዶላር ትገዛዋለች። ሕጉ ለአካባቢ ብቻ ሳይሆን ለኢንዱስትሪም ዕድል ከፍቷል። ዕድሉን የሚጠቀምበት ማን እንደሚሆን ግን ገና አልተወሰነም።

የሚነሱ መከራከሪያዎች አሉ፣ ተራ በተራ መታየት ይገባቸዋል።

አንደኛው «ሰው በሚራብበት አገር ምግብን በምግብ መጠቅለል ነውር አይደለም?» የሚለው ነው። ስለ ከረጢት ከሆነ መከራከሪያው ትክክል ነው፣ ከላይ ያለው ሒሳብም ይደግፈዋል። ስለ ቅብ ከሆነ ግን ይገለበጣል። ከግራም ያነሰ ሙጫ አውጥቶ መቶ ግራም ቲማቲም ከመጣል ማዳን ምግብ ማባከን ሳይሆን ምግብ ማትረፍ ነው። ከዚህም በላይ ለሽፋን የግድ የሚበላው ምርጥ ክፍል አያስፈልግም። የድንች ልጣጭና የማንጎ ፍሬ ውስጥ ስታርች አለ። ዓይብ ሲሠራ የሚወጣው አጓትም ፕሮቲን አለው።

አጓት ሲነሳ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፣ እሱም በውጭ ጥናቶች ውስጥ ብዙም የማይገኝ ጥያቄ ነው፤ የጾሙ። በዐቢይ ጾም ወቅት ከሾላ ቲማቲም የገዛች እናት ቲማቲሙ በወተት ፕሮቲን የተቀባ መሆኑን ካልነገሯት ሳታውቅ ጾሟን ትፈታለች። ጄላቲን ደግሞ ከከብት ወይም ከአሳማ ይሠራል። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ምንጩ መታወቅ አለበት። በወተት፣ በስንዴ ወይም በአኩሪ አተር ሰውነቱ የሚቆጣ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የእምነት ሳይሆን የሕይወት ነው። ስለዚህ በዚህ አገር አትክልት ላይ የሚቀባ ነገር ከተክል መሆን አለበት፣ ምንነቱም በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎች ተጽፎ መነበብ አለበት። ይህ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል። ግን አንድ ቀን «ቲማቲሙ ፍስክ ነው» የሚል ወሬ ገበያ ውስጥ ከገባ ጥሩው ቴክኖሎጂ ከመጥፎው ጋር አብሮ ይቀበራል።

ሦስተኛው መከራከሪያ ማጭበርበር ነው። ያረጀን ቲማቲም አብርቆ ትኩስ ማስመሰል አይቻልም? ይቻላል። በባዕድ ነገር የተቀላቀለ ቅቤ ያስቸገረው ገበያ ይህን መፍራቱ አግባብ ነው። ቅብ በአግባቡ የሚሠራው ገና ከማሳው ሲወጣ፣ ታጥቦ ንጹሕ በሆነ ፍሬ ላይ ነው። ከመጠን ከበዛ ደግሞ ፍሬው ይታፈንና ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራው የጉሊት ሻጯ ሳይሆን የአምራች ማኅበሩ መሆን አለበት፤ መቂ ላይ እንጂ ሾላ ላይ መሆን የለበትም። ቁጥጥሩም በዚያ ይቀላል። አንድ ማጠቢያ ጣቢያ መቆጣጠር ሺህ ጉሊት ከመቆጣጠር ይሻላል።

አራተኛው ንጽህና ነው። የሚበላ መጠቅለያ ራሱ ከአቧራና ከእጅ መጠበቅ አለበት፣ አለበለዚያ ከምግቡ ጋር የሚበላው ቆሻሻው ነው። በሌላው ዓለም የሚበላ ሽፋን ያለበት ምግብ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የውጭ መጠቅለያ አለው። ሾላ ላይ ደግሞ ቲማቲም ታጥቦ ነው የሚበላው። የሙጫ ቅብ በውኃ ይለቃል፣ ይህ ድክመቱ እዚህ ጥቅም ይሆናል።

ከእነዚህ መከራከሪያዎች ሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን የሐሰት ምትክ ነው። አሁን በየሱፐርማርኬቱ «የጨርቅ» ተብሎ የሚሸጠው ባለ ቀለም ከረጢት በአብዛኛው ጨርቅ አይደለም፣ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ነው። ኬንያ ፌስታልን ካገደች በኋላ ገበያዋ በዚሁ ከረጢት ተጥለቀለቀ። የአካባቢ ባለሥልጣኗም ሁለት ዓመት ሳይሞላ እሱንም ለማገድ ተነሳ። «በራሱ ይበሰብሳል» ተብሎ ከሚሸጠው ፕላስቲክ ውስጥ ደግሞ ኬሚካል ተጨምሮበት ወደ ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ የሚበጣጠስ ዓይነት አለ። የአውሮፓ ኅብረት ያንን ዓይነት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከልክሏል። ከበቆሎ የሚሠራው ፒኤልኤም ቢሆን በደንብ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚሞቅ የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ነው። ቦይ ውስጥ ወድቆ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ፕላስቲክ ነው። «ባዮ» የሚል ቃል ስለተጻፈበት ብቻ አንድ ነገር ቦይ ውስጥ አይሟሟም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አዋጁን የሚያስፈጽመው አካል ሾላን እንደ አንድ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ብዙ ተራ ይየው። ለበርበሬው፣ ለቅቤው፣ ለአትክልቱ፣ ለማሩ የየራሱ ምትክ ተለይቶ፣ ዋጋውም ተሰልቶ ይነገር። ይህ ሳይሆን ደንብ አስከባሪ ቅቤ ተራ ገብቶ ከሻጯ ላይ ፌስታል ቢቀማ፣ ቅቤው በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀለላል፣ የጋዜጣው ቀለም ደግሞ ወደ ቅባቱ ይገባል። ከአንድ ችግር ወደ ሌላ ችግር መሸጋገር ይሆናል።

የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ደግሞ ምግብ ስለሚነካ ምትክ መጠቅለያና ስለሚበላ ቅብ ግልጽ መስፈርት ያውጡ። ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እርጥበትና ኦክስጅን እንደሚያሳልፍ፣ በስንት ጊዜ እንደሚበሰብስ፣ የጾም ይሁን የፍስክ ይታወቅ። መስፈርት ከሌለ ገበያውን የሚይዘው ጮክ ብሎ የሚያስተዋውቀው ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። የሚበላ ሽፋን ጥናት ውድ ማሽን ባይኖርም የሚጀመር ነው፤ ማሞቂያ፣ ሚዛን፣ ጠፍጣፋ ሰሃንና ትዕግሥት ይበቃዋል። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ከሚቀር አንድ ክረምት መቂ ላይ ከአንድ የገበሬዎች ማኅበር ጋር ሙጫውን ቀብቶ፣ ሌላውን ሳይቀቡ ትቶ፣ ሁለቱን ሣጥን ሾላ አውርዶ ስንቱ እንደተሸጠ ስንቱ እንደተደፋ መቁጠር ይቻላል። ሻጯን የሚያሳምናት ያ ቆጠራ ነው እንጂ በሆቴል አዳራሽ የሚደረግ ዐውደ ጥናት አይደለም።

ኮባንም መናቅ አያስፈልግም። እንሰት ከሚበቅልበት አካባቢ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ በልክ ተቆራርጦ ለቅቤ ተራ የሚቀርብ ኮባ ለወጣቶች ሥራ ይሆናል። ቤተ ሙከራው እስኪደርስ ሾላ የምታውቀውን ትጠቀም።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ላሞች ቆሻሻ ላይ ሲግጡ ማየት የተለመደ ነው። ቄራ ላይ የታረደ ከብት ሆዱ ሲከፈት ፌስታል ተጠቅልሎ መገኘቱም ለሙያተኞቹ አዲስ አይደለም። ላሟ ጨው የነካውን፣ ምግብ የሸተተውን ፌስታል እንደ ምግብ ትበላዋለች። አይፈጭላትም፣ አይወጣላትም፣ ከስታ ትሞታለች። እሷ የሰጠችው ቅቤ ደግሞ ሾላ ላይ በሦስት ፌስታል ይጠቀለላል። ሦስቱም ተመልሰው ወደ ሌላ ላም ሆድ ይሄዳሉ።

መጠቅለያ መበላቱ ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም። እስከ ዛሬም ሲበላ ነበር፣ የበላችው ላሟ ናት እንጂ። አዲሱ ሕግ ትርጉም የሚኖረው፣ ከሾላ የሚወጣው መጠቅለያ ቦይ ቢገባ የሚሟሟ፣ ላም ብትበላው የማይገድላት፣ ሻጯንም የማያከስራት ሲሆን ነው። ዕቃው አለ፣ እውቀቱም አለ። የቀረው፣ ቅጣቱ ሻጯ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ምትኩ እንዲደርሳት ማድረግ ነው።